ዕቃው ለባለቤቱ ይመለሳል

ማዳም ዐሊያ ከወርቋ ይልቅ የኔን ጃዋዝ ትጠብቅ ነበር። ወላሂ እውነቴን ነው። ወርቋ ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ቁልፉም እዚያው በሩ ላይ ተሰክቶ ይውላል። የኔ ፓስፖርት ግን ከጥቁሯ የእጅ ቦርሳዋ አይወጣም። ገበያ ስትሄድ አብሯት ይሄዳል፤ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ለቅሶ ይደርሳል። እኔ ከሰፈራችን ከአል-ሚምዳራ ወጥቼ የማላውቀውን የዓደን ሰፈር ሁሉ ጃዋዜ አይቶታል። ይህን ጣጣ ያመጣችብን የጎረቤት ሠራተኛ ናት፤ አንድ ጁምዓ ጃዋዟን ከመሳቢያ አውጥታ እብስ አለች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ማዳሞች የሠራተኞቻቸውን ጃዋዝ እንደሚጠባ ልጅ ታቅፈው መዞር ጀመሩ። ከፍተው ግን አያዩትም። ምን ሊያዩበት? ሽፋኑን ካወቁ በቃቸው።

እኔ ፋጢ እባላለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር። ማዳም ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቿን፣ ወንዱን ሙስሊምን ከአራት ዓመቱ፣ ሴቷን ጁወይሪያን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደግኩ እኔ ነኝ። ማዳምን እንዳላማት፣ ክፉ ሴት አይደለችም። አትማታም፣ ምግብ አትቆጥርም፣ ለዒድ ልብስ ትገዛልኛለች። ጃዋዜን ስጪኝ ስላት ብቻ ነው ጆሮዋ ድፍን የሚለው።

ነገሬ የከፋው በረመዳን ነው። ልጄ ሰኒ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ አጎቷ ሲራጅ ቤት ናት፤ እኔም ለሷ ብዬ ነው ባሕር የተሻገርኩት። አንድ ቀን ታዲያ ሲራጅ ደወለና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ልጅቷን ለአንድ ደህና ሰው ሰጥተናታል። ረመዳን አልቆ ሸዋል ወር ሲገባ፣ በሃያ ኒካሑ ይታሰራል» አለኝ። ደህናው ሰው ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «አይ፣ ገና ጎልማሳ ነው፤ ሁለት ሚስት ብቻ ነው ያለው» አለ። ደሜ ፈላ። እኔ ሳልመጣ እንዳትሞክራት ብዬ ጮህኩበት። ሲራጅ ግን ሳቀ። «ፋጢ፣ ጃዋዝሽ ዐረቧ እጅ አይደለም እንዴ? በምን ልትመጪ ነው? ይልቅ ምርቃትሽን በስልክ ላኪ» አለኝ። ከኋላው የሰኒ ድምፅ ይሰማኛል። «እማ፣ ሰባተኛ ክፍል ተመዝግቤያለሁ እኮ!» እያለች ታለቅሳለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ማዳምን ስድስት ጊዜ ለመንኳት። መጀመሪያ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» አለች፤ ነገ ማለቷ ነው። ቀጥላ ከረመዳን በኋላ አለች። ቀጥላ ከዒድ በኋላ። በስድስተኛው እግሯ ላይ ወድቄ ስለ ልጄ ስነግራት፣ «ሀቢብቲ፣ አንቺ ከሄድሽ ጁወይሪያን ማን ያስተኛልኛል?» ብላ አብራኝ አለቀሰች። ወላሂ፣ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። እያለቀሰችም ቦርሳዋን ዘጋች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የዒድ ሦስተኛው ቀን ላይ የማዳም ባል ዐብደላ እራት ሊጋብዘን ተነሣ። ጎልድሞር ባሕር ዳር አንድ የቤተሰብ ምግብ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ እራት፣ ቀልድና አስማት በአንድ ትኬት። እኔ የሄድኩት በእንግድነት እንዳይመስላችሁ። ለልጆቹ የዓሣውን እሾህ የሚለቅም ሰው ስላስፈለገ ነው።

በሩ ላይ በትልቁ «ይህ ሲሕር አይደለም፤ የእጅ ቅልጥፍና ብቻ ነው፤ ለቤተሰብ የተፈቀደ» ብለው ሰቅለዋል። ያም አልበቃ ብሎ፣ ትርዒቱ ሳይጀመር አንድ ሽማግሌ ወጥተው ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ቀሩበት። አስማተኛው ራሱ መድረክ ጥግ ቆሞ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ሱብሓነላህ! ሰይጣኑን ካባረሩት በኋላ እኮ ነው ትኬት የቆረጥንለት። ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይተያይ በየመሐሉ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ሁሉም የሚያየው መድረኩን ብቻ ነው። ሴቱ ኒቃቡን በግራ እጁ ብድግ እያደረገ በቀኙ ዓሣውን ይጎርሳል።

መጀመሪያ አንድ ቦርጫም ዓደኔ ወጥቶ ስለ ሚስቱና ስለ ጀነሬተሩ ቀለደ። ሁለቱም ጧት ጧት እምቢ ይሉኛል፣ ሁለቱንም ማስነሻው አንድ ነው፣ አለ። ወንዱ በሳቅ ሞተ፤ ሴቱ ከኒቃቡ ሥር ዝም። ከዚያ መብራቱ ቀላ፣ ከበሮ ተመታና «ፕሮፌሰር ቀማር አል-ሂንዲ! ከቦምቤይ!» ተባለ።

ጥምጥሙ ቢጫ፣ ኮቱ አረንጓዴ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ጠይም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው ሰልካካ ነው። ዓደን መቼም ህንድ ብርቋ አይደለም፤ ሰዉ አይቶ ህንድነቱን ተቀበለው። እኔም ተቀበልኩት። ዱላውን ባዶ ሣጥን ላይ አንዴ ቃጣው፣ ዓይኑን ገለበጠና ድግምቱን ጀመረ፦

«ደጀን! ሉማሜ! ደብረ ማርቆስ! ቡሬ! ፍኖተ ሰላም!»

ከሣጥኑ እርግብ ወጣች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ የያዝኩት ዓሣ ከእጄ ወደቀ። የጎጃምን አውቶቡስ መስመር ነው እኮ የሚደግመው! ያውም ቅደም ተከተሉን አዛብቶ! እርግቧን ወደ ላይ አንሥቶ፣ በዚያው በሚያስፈራ ድምፅ፣ «ይቺ ወፍ ጥሬ ካልበላች ዛሬ እጄ ላይ ነው የምትሞት፣ ባለቤቱ ደግሞ ንፉግ ነው!» ሲል፣ ጁወይሪያ ፈርታ ጉያዬ ገባች። እኔ ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። አዳራሹ ጸጥ ባለበት ሰዓት ብቻዬን ከትከት ብዬ ሳቅኩ። ፕሮፌሰሩ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ላይ ድንጋጤም ደስታም አየሁ፤ ሰው የአገሩን ልጅ በማያስበው ቦታ ሲያገኝ እንደሚሆነው።

«አንድ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል» አለ በሰባራ ዐረብኛ። በዚያች አገር የትኛው ባል ሚስቱን፣ የትኛው አባት ልጁን መድረክ ላይ ያወጣል? ሁሉም ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ማዳም ዐሊያ ግን መላ አላጣችም። ክንዴን ይዛ አስነሣችኝና፣ «ሻጋላችንን ውሰድ!» ብላ ጮኸች፤ ሠራተኛችንን ማለቷ ነው። እልልታ ሆነ። የማንም ነውር ያልሆነች አንዲት ሴት ተገኘች።

ወጣሁ። ሰውየው ሁለት እጁን ከጭንቅላቴ በላይ እያርገበገበ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰክቶ፣

«ከየት ነሽ፣ እቱ?» አለኝ። ድምፁ የድግምት ነው፣ ቃሉ የገበያ።

«ከወሎ!» አልኩት ጮክ ብዬ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አዳራሹ ተናወጠ። «ሻጋላዋ ህንድኛ ተናገረች!» አለ አንዱ። «ጂን ነው!» አለ ሌላው። ማዳም «አዑዙ ቢላህ!» ስትል ሰማኋት። ፕሮፌሰሩ ላብ ጀመረው።

«አበላሸሽው፣ እቱ። እንግዲህ ጂን እንደያዘው ሰው ሁኚልኝ፤ አለዚያ እንጀራዬ መዘጋቱ ነው» አለ፣ እየዞረኝ።

ይሄማ አይቸግረኝም። ዛር የያዘው ሰው እያየሁ ነው ያደግኩት። ራሴን አወዛወዝኩ፣ አጓራሁ፣ ተንቀጠቀጥኩ። እሱም ተደላደለና፣ «ተናገሪ! ምን ትፈልጊያለሽ? ምን ይሰጥሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ለጨዋታ ነው የጠየቀኝ። ግን በአራት ዓመት ውስጥ በቋንቋዬ ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«ልጄን ለሽማግሌ ሊድሩብኝ ነው፣ ወንድሜ!» ብዬ ጮህኩ። «አሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረኝ! ጃዋዜ እዚያች ሴትዮ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነው! አራት ዓመት ሙሉ አላየሁትም! ስድስት ጊዜ ለመንኳት፣ ስድስት ጊዜ! ማን አለኝ እዚህ አገር? ማን ይድረስልኝ?»

ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። ማስመሰሉ የት ላይ አልቆ እውነቱ የት ላይ እንደጀመረ አላውቅም። ሁለት መቶ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ዐብደላ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል። ማዳም ዐሊያ ራሷ መዳፏ እስኪቀላ ስታጨበጭብ አየኋት። ያንኑ ስድስት ጊዜ ስትሰማው ጆሮዋን የዘጋችበትን ልመና!

የፕሮፌሰሩ እጅ አየር ላይ ቆመ። ለቅጽበት ህንድነቱን ረሳው። «በቃ፣ አብሽሪ፣ ገባኝ» አለ ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ይህ ጂን ብርቱ ነው!» አለ በዐረብኛው። «የእመቤቷን ዕቃ ካላየ አልወጣም ብሏል። ወርቅ አልፈልግም። ብር አልፈልግም፤ ሌባ ነው ትሉኛላችሁ። ከእጇ የማትለየው፣ ለራሷ ግን የማይረባት ነገር ይምጣ!»

ማዳም ግራ ተጋብታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣበቀች። ያኔ አላህ ይስጠውና ዐብደላ ሳቁ እያነቀው፣ «ጃዋዟን ስጪው! የልጅቷን ጃዋዝ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ቤት አንድ እንዲህ ያለ ቦርሳ አለ፤ ነገሩ ወዲያው ነው የገባቸው። ማዳም አመነታች። «ቢጠፋስ?» አለች።

«በአላህ እምላለሁ፣ ዕቃው ለባለቤቱ ይመለሳል!» አለ ፕሮፌሰሩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እውነተኛ መሐላ ሰምቼ አላውቅም። ሰዉ «ያላ! ያላ! ስጪው!» ሲላት ጊዜ አወጣችና ሰጠችው። ጃዋዜን በአራት ዓመቴ አየሁት። ጠርዙ ተልጧል።

በቀይ ሻሽ ጠቀለለው። ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየና፣ በድግምት ድምፁ፣ «ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ እቱ። መብራት እዚህ ሰፈር ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጠፋል፤ ጀነሬተሩ እስኪነሣ እስከ ሃያ ትቆጥሪያለሽ። ዋናውን ነገር ሁልጊዜ ያኔ ነው የምሠራው። ሲጠፋ እጅጌሽን ክፈቺ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የሰውየው ጥበብ የገባኝ። በዓደን በጋ ቀጠሮ የሚያከብር ነገር ቢኖር የመብራት መጥፋት ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ላይ እንጀራውን ሠርቷል።

እጁን አነሣ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። መብራቱ አልጠፋም።

ያ ረቢ! ዓመት ሙሉ ሲያቃጥለን የከረመ መብራት ኃይል፣ ለዒዱ ክብር ብሎ ይሆን፣ ዛሬ ብቻ ጨዋ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ድግምቱን ቀጠለ። ደጀንን፣ ሉማሜን ጨረሰ፤ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ። ከተማ ሲያልቅበት የአክስቶቹን ስም ጀመረ። «ጥላነሽ! የሺሀረግ! ኧረ መብራት፣ እባክህ ጥፋ! እኔ ላይ ነው ዛሬ የምትበራው?» ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ማዳም ተነሣች። «ኸላስ፣ ጨዋታው ይብቃ፣ ጃዋዙን አምጣ» ብላ ወደ መድረኩ መጣች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። እኔ ሆዬ ጂኑን ትቼ ዱዓ ላይ ነኝ። ከሕዝቡ ሁሉ ጨለማ የምለምን እኔ ብቻ ነበርኩ። ማዳም እጇን ስትዘረጋ፣ የሻሹን ጫፍ ስትነካ፣ ድርግም አለ።

ጩኸት ሆነ። ጁወይሪያ «ፋጢ!» ብላ ስትጠራኝ ሰማሁ። እጅጌዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሾልኮ ገባና ክርኔ ላይ አረፈ። ጀነሬተሩ አጓርቶ ተነሣ። መብራቱ ሲመጣ ፕሮፌሰሩ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሻሹን ለማዳም ዘርግቶላታል። ገለጠችው። ያው ሽፋን፣ ያው ቀለም፣ ጠርዙ የተላጠ ጃዋዝ ነው። በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ዚፑን ዘጋችው። ጭብጨባው ባሕሩን አልፎ የሚሰማ ነበር። ፕሮፌሰሩ እጅ እየነሣ የመጨረሻ ድግምቱን ለቀቀው፦

«አደራ፣ ሴትዮዋ እንዳትከፍተው! ፎቶው ላይ ጢም አለኝ!»

አፌን በእጄ አፍኜ ከመድረኩ ወረድኩ።

በኋላ የጁወይሪያን እጅ ላስታጥብ ስወጣ፣ መታጠቢያው ጋ ግንባሩን ሲያጥብ አገኘሁት። ነጥቡ ሲለቅ ከሥሩ የቡሬ ልጅ ሆኖ ወጣ። ስሙ ሰማኸኝ ነው። ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ከድንበር መልሰውታል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ህንድ ሱቅ ሲጠርግ ነው ይህን ሙያ የለመደው፤ ሽማግሌው ሲሞት ጥምጥሙን ወረሰ።

«ወንድሜ፣ ያንተን ጃዋዝ እኮ ነው የሰጠሃት!» አልኩት።

«ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው» አለ፣ ፊቱን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ። «እንዲያው ከደረት ኪሴ አልለየውም ነበር። ፖሊስ ሲይዘኝ የሆነ ሰው መሆኔን የሚናገርልኝ እሱ ብቻ ነው።»

«አሁንስ ቢይዙህ ምን ትላለህ?»

«ህንድ ነኝ እላለኋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «ሀበሻ ሆኜ እዚህ አገር አንድ ሰው እራት ብላ ብሎኝ አያውቅም። ህንድ ከሆንኩ ወዲህ ነው የጠገብኩት። አንቺ ብቻ ድረሺላት።»

ሓራም ባይሆን ኖሮ ግንባሩን እስመው ነበር። «አላህ ከሰው በላይ ያድርግህ» አልኩትና፣ እያለቀስኩ የልጅቷን እጅ ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

የመውጫ ወረቀቱንና ትኬቱን አል-በሳቲን የሚባለው ሰፈር ያሉ የአገሬ ልጆች በሚያውቁት መንገድ ጨረሱልኝ። አሥር ቀን ወሰደ። አሥሩንም ቀን ማዳም ቦርሳዋን አልከፈተችም ማለት አይደለም፤ በቀን ሃያ ጊዜ ትከፍታለች። ጃዋዙን በጣቷ ነካ ታደርግና አለ ብላ ትዘጋለች። ልቤ በቀን ሃያ ጊዜ ቆማ ትነሣለች። እኔም በዚያ መሐል ጁወይሪያ በወንድሟ በሙስሊም መኝታ መተኛት እንድትለምድ፣ ለሱ ተረት አስተማርኩት። ልጆቹን ጥዬ ስለምሄድ ሆዴ ይባባ ነበር፤ ውሸት አልናገርም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ማዳም ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ሻይ ይዛለች።

«የት ልትሄጂ ነው፣ ያ ፋጢ?»

«አገሬ፣ ማዳም። ልጄን ላድን ነው። ዐፉ በይኝ።»

ሦስቱም ተያዩና ሳቁ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ኮርቻ ሳይኖረው ፈረስ ልጋልብ ሲል እንደሚሳቅበት ነው። ማዳም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መታ መታ አደረገችው። «ያለዚህ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ማዳም፤ አንቺው ያዥልኝ» አልኳት።

«ተዋት፣ ትንሽ ትናፈስ» አለች ለጎረቤቶቿ። ወደ እኔም ዞራ፣ «ከመግሪብ በፊት ተመለሺ፤ ሩዝ እንዳትረሺ» አለችኝ። ከወንበሯ አልተነሣችም። በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

ሸዋል አሥራ ስድስት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሆኜ ሲራጅ ጋ ደወልኩ። ከወዲያ በኩል ድንኳን የሚተክል ሰው መዶሻ ይሰማል።

«ፋጢ! ምርቃትሽን ልትልኪ ነው?» አለ በደስታ።

«አይ፣ ይዤው መጥቻለሁ።»

«የት?»

«ኮምቦልቻ። መኪናው ሰው እየጫነ ነው።»

ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ሲራጅም ሰማው። «ጃዋዝሽን... ዐረቧ ይዛው የለም እንዴ?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አዎ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ዚፕ ዘግታበት ትዞራለች። መዶሻውን አስቁምና ልጄን ስጠኝ።»

መዶሻው ቆመ። የሚሮጥ እግር ሰማሁ። «እማ?» አለች፣ እያለከለከች።

«ዩኒፎርምሽን አውጥተሽ እጠቢው» አልኳት። «ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርስሽ እኔ ነኝ።»